በብሔራዊ ደን ውስጥ ቦታው የማን ነው፦ ቀድሞ የተቀመጠ ወይስ ማማ የሰቀለ?

የሸለቆው ልጅ (ውይይቱን የከፈተ)

ሰላም ለሁላችሁ። ቨርጂኒያ ውስጥ በጆርጅ ዋሽንግተን ብሔራዊ ደን አጋዘን የምታድኑ ሰዎች እስቲ ፍረዱኝ።

የጠመንጃው ወቅት በተከፈተበት ቅዳሜ ሌሊት ገብቼ ሁለት ሸንተረሮች የሚገናኙበት ቦታ ላይ አንድ የባሉጥ ግንድ ተደግፌ ተቀመጥኩ። ጎህ ሲቀድ ዞር ብል ከጀርባዬ አርባ እርምጃ ያህል ርቆ በዛፍ ላይ የታሰረ ማማ አየሁ፤ ሰው የለበትም። ሰማዩ በደንብ ከነጣ በኋላ አንድ ሰውዬ የራስ መብራቱን እንኳ ሳያጠፋ እየተንኳኳ መጣና ቀጥታ ማማው ላይ ወጣ። ከላይ ሆኖ «ይህ የእኔ ቦታ ነው፤ ማማውን ከሰቀልኩ ወር አልፎኛል» አለኝ። «መሬቱ የሕዝብ ነው፤ ቀድሜ የደረስኩትም እኔ ነኝ» አልኩት። ከዚያ በኋላ ሁለታችንም ተኮራርፈን እስከ ረፋድ ተቀመጥን። አጋዘን ቀርቶ ወፍም አልመጣም።

ማን ነው ትክክል? ሕጉስ ምን ይላል?

---

ጋሽ በርኖስ

ልጄ፣ በሕጉ ከሄድን መልሱ አጭር ነው። በብሔራዊ ደን ውስጥ ማማ መስቀል ቦታ አያስይዝም። በቨርጂኒያ የሚፈቀደው ተነቃይ ማማ ብቻ ነው፤ ዛፍ ላይ ሚስማር መትቶ፣ ሳንቃ ደርድሮ ቋሚ ማማ መሥራት ክልክል ነው። ሰውዬው ማማውን የሰቀለው ለራሱ ምቾት ነው፤ አንተን የማስነሳት መብት አላገኘበትም። በዚያ ላይ ብርሃን ከወጣ በኋላ የመጣ ሰው የተቀመጠ ሰው ሲያገኝ ዞሮ ይሄዳል እንጂ ከራስህ በላይ አይወጣም።

ይሁንና አንተም ማማውን ካየህ በኋላ ለምን እዚያው ቀረህ? ሰው አልነበረበትም፤ ግን በመክፈቻው ቅዳሜ የተሰቀለ ማማ ባለቤት እንደሚመጣ ይታወቃል። ተነሥተህ ሸንተረሩን ብትሻገር ኖሮ አንተም ታድን ነበር፣ እሱም ያድን ነበር። አሁን ግን አንዳችሁም አላደናችሁም፤ ቀኑም አለፈ።

ደግሞ ዋናው ነገር ከዚያ በፊት ነው የተበላሸው። መኪና ማቆሚያው ላይ ማንን አገኘህ? እኔ ሌሊት ስደርስ መጀመሪያ የማየው የቆሙትን መኪናዎች ነው። አንድ መኪና ካለ የቆመበትን አቅጣጫ አያለሁ፣ ሰው ካለበት መስኮቴን ዝቅ አድርጌ «ደኅና አደሩ፤ በየት በኩል ሊገቡ ነው?» እላለሁ። «ወንዙን ይዤ ወደ ግራ» ካለኝ እኔ ወደ ቀኝ ነኝ። ሦስትና አራት መኪና ካገኘሁ ሞተሩንም ሳላጠፋ ወደ ሌላ መግቢያ እሄዳለሁ። የጆርጅ ዋሽንግተንና የጄፈርሰን ደኖች አንድ ላይ ወደ 1.8 ሚሊዮን ኤከር ይሆናሉ። ለአንድ ግንድ ሥር መጣላት ምን አመጣው?

---

ማንም አያዘኝም

ጋሼ ከይቅርታ ጋር፣ ይህ ይሉኝታ ነው። ልጁ ቀድሞ ደርሷል፣ አለቀ። እኔ ፈቃድ ገዝቻለሁ፣ የብሔራዊ ደን መግቢያ ፈቃድም ለብቻው ከፍያለሁ፣ ግብር እከፍላለሁ። ባዶ ማማ ባየሁ ቁጥር ከተነሣሁማ በየዛፉ አንድ አንድ ወንበር የሚሰቅል ሰው ደኑን ሁሉ ያዘ ማለት ነው። ዝም ካልን ከሞኝ ደጅ ሞፈር ይቆረጣል ነው የሚሆነው። አንዳንዶቹኮ አምስትና ስድስት ማማ ሰቅለው የሚመጡት ወደ አንዱ ብቻ ነው።

---

ዴንቨር ነኝ

ማንም አያዘኝም፣ በአንድ ነገር እውነት አለህ፤ ማማ እየደረደሩ ቦታ መያዝ ነውር ነው፣ በእኛም አካባቢ ሰው ይጠላዋል። «ከፍያለሁ» የምትለው ግን ብዙ አያስኬድህም፤ ያኛውም ከፍሏል። ጠመንጃና ጥይት በተገዛ ቁጥር 11 በመቶ ቀረጥ አለበት፤ በ1937 በወጣ የፌዴራል ሕግ ለዱር እንስሳት ጥበቃ ነው የሚውለው። ከአንተም ኪስ ከእሱም ኪስ እኩል ወጥቷል።

እኛ በምዕራብ ያለን ሰዎች መሬቱ ሰፊ ስለሆነ እንዲህ ያለ ጠብ የለም ብላችሁ ታስቡ ይሆናል። የፌዴራሉ የመሬት አስተዳደር ቢሮ ብቻ ወደ 245 ሚሊዮን ኤከር፣ የደን አገልግሎቱ ደግሞ ወደ 193 ሚሊዮን ኤከር ይዘዋል። ሆኖም አዳኙ ሁሉ የሚገባው በዚያችው መንገድ፣ የሚያቆመው በዚያችው ሜዳ ነው፤ ኤልክ (ትልቁ የአጋዘን ዘመድ) የሚውልበትን ጥላም ሁሉም በስልኩ ካርታ ላይ ያየዋል። ስለዚህ ጥቅምት ላይ ሰው በሰው ላይ ነው። የድንኳን ሰፈር ካየን ባለቤቶቹ ወዴት እንደሚወጡ ሳንጠይቅ ከበላያቸው አንወጣም። ከብት አርቢ ያስቀመጠውን በር ክፍት ካገኘነው ክፍት፣ ዝግ ካገኘነው ዝግ አድርገን ነው የምናልፈው።

ወሰንን በተመለከተ ደግሞ የዋዮሚንጉን ጉዳይ ያልሰማችሁ ካላችሁ ብታውቁት ጥሩ ነው። እዚያ የሕዝብና የግል መሬት እንደ ዳማ ሰሌዳ ተፈራርቆ ነው የተቆረሰው። አራት የሚዙሪ አዳኞች ከአንዱ የሕዝብ መሬት ጥግ ወደ ሌላው የሕዝብ መሬት ጥግ፣ የግሉን አፈር ሳይረግጡ፣ መሰላል ሠርተው ተሻገሩ። ባለ ርስቱ «አየሬን አቋርጠዋል» ብሎ ከሰሳቸው። በ2025 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ በ1885 የወጣ ሕግ ጠቅሶ ለአዳኞቹ ፈረደ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም ጉዳዩን አላይም አለ። ይህ ውሳኔ የሚሠራው ግን በዚያ ፍርድ ቤት ሥር ባሉት ግዛቶች ነው፤ ቨርጂኒያ ላይ መሰላል ይዛችሁ እንዳትወጡ።

---

ማለዳ

ሁላችሁም ስለ ቦታ ታወራላችሁ፣ እኔን የሚያስፈራኝ ግን ጥይቱ ነው። የሸለቆው ልጅ፣ ሰውዬው ከጀርባህ ከላይ፣ አንተ ከፊቱ ከታች። አጋዘን በመሃላችሁ ቢያልፍ ማን ወዴት ይተኩስ ነበር? ሕግም ነውርም ተትቶ፣ ለዚህ ብቻ ሲባል አንዳችሁ መነሣት ነበረባችሁ።

በጠመንጃ ወቅት ቢያንስ ደማቅ ብርቱካናማ ወይም ደማቅ ሮዝ መልበስ ግዴታ ስለሆነ ሰው ይታያል። ኮሎራዶ ላይ መጠኑም ተለክቶ 500 ካሬ ኢንች ነው፣ ኮፍያውን ጨምሮ። የእኔ ፍቅር የሆነው የሚያዝያው የዱር ተርኪ አደን ግን የተለየ ነው፤ ሁሉም ቅጠል መስሎ ነው የሚቀመጠው፣ ድምፁንም እንደ ወፏ እያስመሰለ ይጠራል። እዚያ ላይ ሥርዓት የሕይወት ጉዳይ ነው። የተርኪ ድምፅ ሰምታችሁ ተደብቃችሁ አትጠጉ፤ የሚጠራው ሰው ሊሆን ይችላል። የወንዱ ተርኪ ራስ ቀይ፣ ነጭና ሰማያዊ ስለሆነ እነዚህን ቀለሞች በልብስም በመሐረብም ይዛችሁ አትግቡ። ነጠላችሁን ለቤተ ክርስቲያን አቆዩት።

ሰው ወደ እናንተ ሲመጣ ካያችሁ ደግሞ እጅ አታውለብልቡ፣ አታፏጩ፣ በተርኪም ድምፅ አትመልሱ። ሳትንቀሳቀሱ፣ ጮክ ባለ የሰው ድምፅ «እዚህ ሰው አለ» በሉ። እኔ አንድ ጊዜ ይህንን ሳደርግ ሰውዬው ጠመንጃውን ወደ ሰማይ አዙሮ ባለበት ደርቆ ቀረ፤ ከዚያ አንገቱን ዝቅ አድርጎ ይቅርታ በሚመስል ሁኔታ በመጣበት ተመለሰ። ጠዋቴ ተበላሸ፤ ይበላሽ።

---

የሚኔሶታው

ማለዳ ያነሣሽው ትክክል ነው። የሸለቆው ልጅ ታሪክ ላይ እኔን የረበሸኝ «ተኮራርፈን ተቀመጥን» ያለው ነው። ሁለት የተኮራረፉ፣ ጥይት ያጎረሱ ሰዎች፣ በአርባ እርምጃ።

እዚህ ሚኔሶታ በሕዝብ መሬት ላይ የተሠራ ቋሚ ማማ የሠራው ሰው ንብረት አይባልም፤ ቀድሞ የደረሰ ይቀመጥበታል። ሕጉ ይህን ያህል ግልጽ ነው። ሆኖም በማማ ምክንያት ምን ሊደርስ እንደሚችል እኛ ጋ የማያውቅ የለም። በኖቬምበር 2004 ከእኛው ሴንት ፖል የሄደ የሞንግ (ከደቡብ ምሥራቅ እስያ የመጣ ሕዝብ) ስደተኛ አዳኝ በሰሜን ዊስኮንሲን በግል መሬት ላይ ባለ ማማ ላይ ተገኘ። ባለ መሬቶቹ ውረድ አሉት፣ ወረደ፣ ቃላት ተወራወሩ። መጨረሻው ስድስት ሰው ሞተ፣ ሁለት ቆሰለ። ማን መጀመሪያ ተኮሰ፣ ማን ማንን ሰደበ በሚለው ፍርድ ቤት ውስጥም አልተስማሙም። በጃንዋሪ 2007 ደግሞ በዚያው ግዛት፣ ይህኛው በሕዝብ መሬት ላይ፣ ሌላ የሞንግ አዳኝ በሌላ አዳኝ እጅ ተገደለ።

እኛ ጥቁር ነን፣ እንግሊዝኛችንም የራሱ ለዛ አለው፣ የምንገባበት ወረዳ ደግሞ እኛን የመሰለ ሰው ብዙ የማይታይበት ነው። ይህን የምለው ለመፍራት አይደለም፤ መብቴን አውቃለሁ፣ በየዓመቱም እወጣለሁ። ግን በጫካ ውስጥ ክርክር ሲጀመር እኔ ጠመንጃዬን አራግፌ፣ የሰውየውን የመኪና ታርጋ መዝግቤ እሄዳለሁ። ለዱር እንስሳት ጥበቃ ፖሊስ ስልክ እደውላለሁ። ሕጋዊ አደንን ሆን ብሎ ማወክ በሁሉም ግዛቶች ያስቀጣል፤ ፖሊሱ ይከራከርልኝ።

---

ማንም አያዘኝም

የሚኔሶታው፣ የ2004ቱን ታሪክ አላውቅም ነበር። እሺ፣ እኔም በጫካ ውስጥ አልከራከርም። ከቦታዬ ግን አልነሣም።

---

ጋሽ በርኖስ

አትነሣ፣ ወንድሜ፤ ግን መጀመሪያ ማማ ሥር አትቀመጥ።

አንድ ነገር ልጨምር፣ የእኛ ሰው የሚሳሳትበት ስለሆነ። ሰላምታ የምንወድ ሕዝብ ነን። ሰው ተቀምጦ ስናይ ሳንጠጋ ማለፍ እንደ ኩራት ይመስለናል። ጫካ ውስጥ ግን ሰላምታው መራቅ ነው። አዳኝ ተቀምጦ ካየህ እንዳየኸው እንዲያውቅ እጅህን አንድ ጊዜ አንሣ፣ ከዚያ በነፋሱ ታችኛ በኩል ዞረህ፣ ጠረንህ ወደሚጠብቅበት አቅጣጫ እንዳይነፍስ አድርገህ ውጣ። «እንዴት አደሩ፣ ቤተሰብ ደኅና ነው» የሚለው መኪና ማቆሚያው ላይ ነው። እዚያ እስክትጠግብ ተናገር። አንዳንዱ ወገናችን ግን ይገለብጠዋል፤ ማቆሚያው ላይ አፍሮ ዝም ይላል፣ ጫካ ውስጥ ሄዶ ያወራል።

ሌላው በቁስለኛ አጋዘን ላይ የሚነሣ ጠብ ነው። አንድ ጊዜ እኔ የመታሁት ወንድ አጋዘን ጅረቱን ተሻግሮ ቁልቁል ሮጠ። ጥቂት ቆይቶ ከታች አንድ ጥይት ጮኸ። ዱካውን ይዤ ብወርድ አንድ ወጣት ቢላዋውን አውጥቶ ተንበርክኳል። «የእኔ ነው፣ እኔ ጣልኩት» አለ። «ሊሆን ይችላል፤ ና ደሙን አብረን እንየው» አልኩትና ወደመጣሁበት መለስኩት። በየቅጠሉ ላይ ደማቅ ቀይ፣ አረፋ የያዘ ደም ነበር፤ አረፋ ያለው ደም ከሳንባ ነው። ተመልሰን ሬሳውን ስናገላብጥ የእኔ ጥይት ከትከሻው ጀርባ ገብቷል፣ የእሱ ታፋውን ነው የበሳው። ወጣቱ ቆም ብሎ አሰበ፣ ቢላዋውን በቅጠል ጠርጎ ወደ አፎቱ መለሰና «የእርስዎ ነው» አለኝ። ሥጋውን አብሮኝ ጎትቶ እስከ መንገድ አወጣ። እኔም አንድ ሙሉ ታፋ ሰጠሁት፤ እሱ ያልበሳውን።

አባቴ ቀድሞ ያደማ ነው ባለ ግዳይ ይሉ ነበር። እዚህም አገር አዳኞቹ የሚፈርዱት ከዚያ ብዙም ሳይርቅ ነው።

---

ማለዳ

ጋሼ፣ ቀድሞ ያደማ የሚለው ላይ አልስማማም። የመጀመሪያው ጥይት ጆሮውን ቢጭረውስ? እንስሳው ሦስት ተራራ አቋርጦ ጤነኛ ሆኖ የሚኖር ከነበረ፣ የጣለው ሁለተኛው ነው። እዚህ አካባቢ የምሰማው ፍርድ «ሊገድለው ይችል የነበረውን ቁስል ቀድሞ ያደረሰ» የሚል ነው። በእርስዎ ጉዳይ ሁለቱም አንድ መልስ ስለሚሰጡ ልዩነቱ አልታየም እንጂ።

ደግሞ በቨርጂኒያ እንስሳው ከወደቀበት ከመነሣቱ በፊት ፈቃዱ ላይ ምልክት መደረግ አለበት። ምልክት ያደረገ ሰው የዓመቱን ድርሻ ነው የቀነሰው። ስለዚህ ክርክሩ ከዚያ በፊት ይለቅ።

---

ጋሽ በርኖስ

ጆሮ ለጫረማ ግዳይ የለውም፤ አባቴም እንደዚያ አይፈርዱም ነበር። ለፈቃዱ ምልክት ግን አመሰግናለሁ፣ እውነትሽን ነው።

---

አዲስ ገቢ

ለጀማሪ ጥያቄ ይቅርታ። የአደን ደኅንነት ትምህርቱን ጨርሻለሁ። የማድነው ሸናንዶዋ ነው፣ ለቤቴ ቅርብ ስለሆነ። አንድ የቤተ ክርስቲያን ወዳጄ ከሌላ ደን ጥሩ ቦታ አሳይቶኛል፤ ሁለት ጓደኞቼን ይዤ ብሄድ ችግር አለው?

---

ዴንቨር ነኝ

ወንድሜ ቁም! ሸናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ ነው፤ እዚያ አደን ክልክል ነው። ብሔራዊ ደኑ ከጎኑ፣ ወደ ምዕራብ ነው። ሁለቱን ማምታታት ጠመንጃህንም ፈቃድህንም ያስወስድብሃል። ዛሬውኑ ካርታ አውጣ።

ቦታውን በተመለከተ፦ ወዳጅህ ያሳየህ ለአንተ ነው። ያለ እሱ ፈቃድ ሌላ ሰው ይዘህ አትሂድ፤ እሱ ራሱ ሊወጣበት በሚችል ቀንም ደውለህ ጠይቀው። ፎቶ ስታነሣም ከጀርባህ የሚታወቅ ገደል ወይም መንገድ አይኑር። በቡና ላይ «እንትን አካባቢ» ተብሎ የተነገረ ነገር በሳምንቱ ምን ያህል ቤት እንደሚደርስ ሁላችንም እናውቀዋለን። የገዛ አጎቴ የነገርኩትን የኤልክ ቦታ ለሰርግ እንግዶች ሲያስረዳ ሰምቼዋለሁ።

---

የሸለቆው ልጅ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጋሽ በርኖስ፣ ማቆሚያው ላይ ሌላ መኪና አልነበረም፤ የመጀመሪያው እኔ ነበርኩ። ስለዚህ የምጠይቀው ሰው አልነበረም። ማለዳ ስለ ጥይቱ መስመር ያለችውን ግን መልስ የለኝም።

ማንም አያዘኝም ካለው ጋር በግማሽ እስማማለሁ፦ ወር ሙሉ የተተወ ማማ እንደ አጥር መታየት የለበትም። ሰው ያለበት ማማ ሌላ ነው። ወቅቱ በተከፈተበት ቀን ግን እንደ ሁለተኛው ልቁጠረው።

አንድ ጥያቄ ልጨምር። እሑድስ? ከ2022 ወዲህ በሕዝብ መሬትም እሑድ ማደን ተፈቅዷል፤ ከአምልኮ ቤት ግን 200 ያርድ መራቅ ይጠየቃል። እሑድ ደግሞ ተራራ የሚወጣው ከተሜ ብዙ ነው።

---

የሚኔሶታው

የእሑዱ ነገር ከራስህ ጋር ነው። ነገር ግን የእግር ተጓዦች ሲያገኙህ ጠመንጃውን ወደ መሬት አዙረህ፣ ፈገግ ብለህ፣ መንገዱን ለቅቀህ ቁም። አደንን የሚጠላና የሚወድ ሰው ድምፅ የሚሰጠው በዚያች ደቂቃ ባየው ነው። ሆድ ዕቃውንም መንገድ ዳር አትተው፤ ከመንገዱ ራቅ አድርገህ፣ ከውሃ አርቀህ ጣለው። ሬሳውን መኪና ላይ ስትጭን ሸፍነው። ሕፃናት ያሉበት መኪና ከኋላህ ይመጣል።

---

አዲስ ገቢ

ስለ ፓርኩ ላስጠነቀቃችሁኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ካርታውን አውጥቻለሁ። ሌላ የጀማሪ ጥያቄ፦ አጋዘኑን ኅዳር ላይ ብንጥል የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ይገባል። ሥጋውን ምን ታደርጉታላችሁ?

---

ጋሽ በርኖስ

ማቀዝቀዣ ውስጥ ነዋ! አጥንቱን አውጥተህ፣ ስቡን ገፈህ፣ በየድርሻው ጠቅልለህ ለገና ታቆየዋለህ። የአጋዘን ስብ እንደ በሬ ስብ አይጣፍጥም፣ በላንቃ ላይ ይረጋል። ለወጥ በቅቤ ይካሳል። ጥሬውን ግን አትብላ፤ የዱር ሥጋ ነው፣ ክትፎ የሚያምርህ ከሆነ የሉካንዳውን ግዛ።

ያቺን ቦታ ላሳየህ ወዳጅህ ደግሞ አንድ ጥቅል ላክለት።

---

ማንም አያዘኝም

የሚበላ ነገር ላይ ከደረስን እኔም እጠይቅ። ከብሉ ሪጅ ተራሮች በስተምሥራቅ በውሻ የሚያድኑ ሰዎች ውሾቻቸው እኔ የተቀመጥኩበት ድረስ አጋዘኑን እያሯሯጡ ሲመጡ ያ አጋዘን የማን ነው? ባለ ውሾቹ ውሻቸውን ለመመለስ ያለ ጠመንጃ የሰው መሬት ላይም መግባት በሕግ ተፈቅዶላቸዋል፤ ይህን እንኳ አውቃለሁ።

---

አወያይ

የውሻው ጉዳይ ከተነሣ በዚህ ገጽ አያልቅም፤ ለብቻው ይከፈትለት። ማንም አያዘኝም፣ ጥያቄህን በአዲስ ርዕስ አውጣው፤ ምሥራቅ ቨርጂኒያ ያላችሁ እዚያ መልሱለት። በዚህኛው ስለ ማማና ስለ ማቆሚያ ቦታ የሚጨምር ካለ ይቀጥል።